የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው፦ የቲቢን ባክቴሪያ ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት ፍለጋ

በቅርቡ በዚህ ዐምድ ላይ፣ የቲቢን ባክቴሪያ ኢንዛይሞች (በሕዋስ ውስጥ ኬሚካዊ ሥራዎችን የሚያካሂዱ ፕሮቲኖች) ሥራ የሚያግዱ ሞለኪውሎች ለአዳዲስ መድኃኒቶች መነሻ እንዲሆኑ እየተጠኑ መሆናቸውን በጥቂት መስመሮች ጠቅሰን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ጥያቄዎች በርከት ያሉ በመሆናቸው፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን አምስቱን ዛሬ እንመልሳለን። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። እኛም ሆንን ባክቴሪያው በሺህ የሚቆጠሩ ኢንዛይሞች አሉን። የባክቴሪያውን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት የእኛን ሳይነካ እንዴት ሊያልፍ ይችላል? ደግሞስ አንድ ኢንዛይም ብቻ ስለቆመ ባክቴሪያው ለምን ይሞታል?» (መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ ሁለት ቢሆንም ሁለቱንም በአንድ መድኃኒት ታሪክ መመለስ ይቻላል፤ እርሱም ዛሬም ድረስ አብዛኛው የቲቢ ታካሚ የሚውጠው አይሶናያዚድ ነው።

የቲቢ ባክቴሪያ ከሌሎች ባክቴሪያዎች የሚለየው ከሁሉ በላይ በግድግዳው ነው። ግድግዳው ማይኮሊክ አሲድ በሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ60 እስከ 90 የሚደርሱ የካርቦን አቶሞችን በያዙ ረጃጅም የስብ አሲዶች የተለበጠ ሲሆን፣ ይህ ሰም መሰል ልባጥ ብዙ መድኃኒቶች ወደ ውስጥ እንዳይዘልቁ ይከለክላል። በጤና ጣቢያ ቤተ ሙከራ የአክታ ናሙና በቀይ ቀለም ከተነከረ በኋላ በአሲድ ሲታጠብ፣ ሌላው ሁሉ ቀለሙን ሲለቅ የቲቢው ባክቴሪያ ብቻ ቀይ እንደሆነ ቀርቶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው በዚሁ ልባጥ ምክንያት ነው።

እነዚህን ረጃጅም ሰንሰለቶች የሚሠሩት ሥራውን ተራ በተራ የሚቀባበሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ሰንሰለቱ በየዙሩ ሁለት ሁለት ካርቦን እየጨመረ ሲያድግ፣ ኢንኤችኤ የተባለው ኢንዛይም በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ላይ በሁለት ካርቦኖች መካከል የቀረውን ድርብ ትስስር ሃይድሮጂን ጨምሮበት ወደ ነጠላ ይለውጠዋል፤ ሃይድሮጂኑን የሚወስደውም ኤንኤዲኤች ከሚባል ረዳት ሞለኪውል ነው። ይህ ካልተፈጸመ ቀጣዩ ዙር አይጀመርም። ስለዚህ ኢንኤችኤ ሲታገድ ማይኮሊክ አሲድ ይቋረጣል፤ በማደግና በመከፈል ላይ ያለው ባክቴሪያም ግድግዳውን ማደስ ስለሚሳነው ይሞታል።

የእኛ ሕዋሳትም የስብ አሲድ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ በሰው ዘንድ ዋናውን ሥራ የሚያከናውነው ሁሉንም ደረጃዎች በአንድነት የያዘ አንድ ግዙፍ ፕሮቲን ሲሆን፣ በባክቴሪያው በኩል ግን ሰንሰለቱን የሚያረዝሙት ለየብቻ የቆሙ አነስተኛ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ማይኮሊክ አሲድን ደግሞ እኛ ጨርሶ አንሠራም። መድኃኒቱ የባክቴሪያውን ለይቶ እንዲመታ የሚያስችለው ይህ የአሠራርና የቅርጽ ልዩነት ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ ማንኛውም ኢንዛይም ስለታገደ ብቻ ባክቴሪያው ይሞታል ማለት አይደለም። የባክቴሪያው ሙሉ የዘረመል ንባብ በ1998 ታትሞ ሲወጣ 4.4 ሚሊዮን ገደማ ፊደላትና 4,000 ያህል ጂኖች እንዳሉት ታወቀ፤ ኋላም ጂኖቹን አንድ በአንድ እያበላሹ ሲመረምሩት፣ ባክቴሪያው ያለ እነርሱ በቤተ ሙከራ ውስጥ ማደግ የማይችላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩት ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ምትክ መንገድ አላቸው፤ ወይም በዚያ ሁኔታ አያስፈልጉም። በሌላ በኩል፣ አስፈላጊነቱ ተረጋግጦም ለመድኃኒት የማይመች ኢንዛይም አለ። አይሶሲትሬት ላይዝ የተባለው ኢንዛይም ባክቴሪያው በአይጥ ሳንባ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ አስፈላጊ መሆኑ በ2000 ቢታወቅም፣ ሥራው የሚከናወንበት ጎድጓዳ ክፍል ጠባብና የኤሌክትሪክ ሙል የበዛበት በመሆኑ፣ እዚያ ገብቶ የሚቀመጥ ደግሞም የሰሙን ግድግዳ አልፎ የሚደርስ ሞለኪውል ማግኘት አስቸግሯል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለተማሪዎችዎም የሚጠቅም ይመስለኛል። አይሶናያዚድ መጀመሪያ የተሠራው በ1912 በፕራግ፣ ስለ ቲቢ ምንም በማያስቡ ሁለት ኬሚስቶች እጅ ነበር። ቲቢን እንደሚገድል የታወቀው ከ40 ዓመት በኋላ በ1952 ነው፤ የሚያግደው ኢንዛይም ማን እንደሆነ የተለየው ደግሞ በ1994 ነው። በመሆኑም ሕሙማኑ ከአርባ ዓመት በላይ የዳኑት አሠራሩ በውል ባልታወቀ መድኃኒት ነበር።

ጥያቄ፦ «በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንድ ታካሚያችን የባክቴሪያውን የጂን ለውጥ በሚያሳየው የኤልፒኤ ምርመራ አይሶናያዚድን የተላመደ ቲቢ ተገኘበት። የውጤት ወረቀቱ ለውጡ በካት-ጂ ጂን ላይ ነው ይላል። መድኃኒቱ የሚያግደው ኢንኤችኤን ከሆነ ካት-ጂ ምን አገባው? ካት-ጂን ሳይፈልግ በቀጥታ ኢንኤችኤን የሚመታ መድኃኒት ለምን አይሠራም?» (ነርስ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሲስተር፣ የመጨረሻው ጥያቄዎ በዓለም ላይ ያሉ በርካታ ቤተ ሙከራዎች ሲጠይቁት የኖሩት ነው።

አይሶናያዚድ እንደተዋጠ ኢንኤችኤን አያግድም። ጥሬ ቡና ካልተቆላ ቡና እንደማይሆነው ሁሉ አይሶናያዚድም መጀመሪያ መለወጥ አለበት፤ የሚለውጠውም ባክቴሪያው ራሱ፣ ካት-ጂ በተባለ ሌላ ኢንዛይሙ አማካይነት ነው። ካት-ጂ በመደበኛ ሥራው ባክቴሪያውን ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚጠብቅ ሲሆን፣ አይሶናያዚድን ሲያገኝ ግን ወደ ንቁ ቅንጣት ይለውጠዋል፤ ቅንጣቱም ቀደም ሲል ከጠቀስነው የኤንኤዲኤች ቤተሰብ ረዳት ሞለኪውል ጋር ይጣመራል። ኢንኤችኤ ውስጥ ገብቶ አጥብቆ የሚቀመጠውና ሥራውን የሚያቆመው ይህ ጥምር ነው።

ስለዚህ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለማምለጥ ኢንኤችኤን መለወጥ አያስፈልገውም፤ ካት-ጂን ማበላሸት ይበቃዋል። ከሁሉ በብዛት የሚታየው ለውጥ በካት-ጂ 315ኛ ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ከሴሪን ወደ ትሪዮኒን ሲቀየር ነው። ብልጠቱ ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ለውጥ ካት-ጂ ባክቴሪያውን ከፐርኦክሳይድ መጠበቁን በአብዛኛው ሳይተው፣ አይሶናያዚድን መለወጡን ግን ይተዋል። ሁለተኛው የተለመደ መንገድ ከኢንኤችኤ ጂን መነሻ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ኢንዛይሙ ሳይቀየር ብዛቱ ይጨምራል፤ መድኃኒቱም ለሁሉም አይዳረስም። በኤልፒኤ ወረቀት ላይ ሁለቱ ለየብቻ የሚጻፉት ለሕክምናው ለውጥ ስለሚያመጡ ነው። የኢንኤችኤው ዓይነት መለስተኛ መላመድ ስለሚያስከትል ከፍ ባለ መጠን የሚሰጥ አይሶናያዚድ ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን ሌላው የቲቢ መድኃኒት ኢትዮናማይድም በመጨረሻ የሚያግደው ያንኑ ኢንዛይም በመሆኑ ይከሽፋል። የካት-ጂው ዓይነት ግን አይሶናያዚድን ከሞላ ጎደል ከንቱ ያደርገዋል። ሪፋምፒሲን የሚሠራላቸው እንዲህ ያሉ ታካሚዎች፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 ጀምሮ እንደሚመክረው፣ ሪፋምፒሲንን ከኢታምቡቶል፣ ከፒራዚናማይድና ከሌቮፍሎክሳሲን ጋር ለ6 ወር ይወስዳሉ። በየጤና ተቋሙ ያለው የተለመደው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ የሚያየው ሪፋምፒሲንን ብቻ መሆኑን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ አይሶናያዚድን ብቻ የተላመደ ቲቢ ሳይታወቅ የሚያልፈውም በዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልብ እንምጣ። ካት-ጂን ሳይጠብቁ ኢንኤችኤን በቀጥታ የሚያግዱ ሞለኪውሎች አሉ፤ በርካታም ናቸው። በሳሙናና በጥርስ ሳሙና ውስጥ ሲጨመር የኖረው ትሪክሎሳን ኢንኤችኤን ያግዳል፤ ነገር ግን ኃይሉ ደካማ ሲሆን በሰውነት ውስጥም ፈጥኖ ይወገዳል። ትሪክሎሳንን መነሻ አድርገው ኬሚስቶች ብዙ ዘመዶቹን ሠርተዋል። በ1953 በጃፓን የታወቀውና ባክቴሪያ የሚያመነጨው ፓይሪዶማይሲን ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ከቆየ በኋላ፣ በ2012 ዒላማው ይኸው ኢንኤችኤ መሆኑና የካት-ጂ ለውጥ ያለባቸውን ባክቴሪያዎችም እንደሚገድል ተገለጸ። ከዚያም በ2015 ያኔ በሲንጋፖር ይገኝ ከነበረው የኖቫርቲስ ተቋም የወጣው ኤንአይቲዲ-916፣ ቀጥሎም በግላክሶስሚዝክላይን የተሠሩት የቲያዳያዞል ቤተሰብ ውሁዶች በአፍ ተሰጥተው በአይጦች ላይ ሠርተዋል። ከአይጥ ወደ ሰው ለመሻገር ግን ውሁዱ በደም ውስጥ በቂ ጊዜ መቆየት፣ በአክታና በቁስል ውስጥ መድረስ፣ ጉበትንና ልብን አለመጉዳት ይጠበቅበታል፤ እስካሁን ከእነዚህ አንዱም ወደ ታካሚዎችዎ መደርደሪያ አልደረሰም።

ጥያቄ፦ «ነጭ ሽንኩርት በማር አድርጎ መብላት ቲቢን እንደሚያድን ጎረቤቶቼ ይነግሩኛል። በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ኢንዛይም የሚያግድ ንጥረ ነገር አለ ሲባልም ሰምቻለሁ። የልጄን ክኒን ትቼ ይህን ብሰጠውስ?» (የአራት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ክኒኑን አያቋርጡበት። የሰሙት ነገር መሠረት የሌለው አይደለም፤ ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ የሚወጣው አሊሲን የተባለ ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ብዙ ኢንዛይሞችን ያግዳል። ጉዳቱም ይኸው «ብዙ» የሚለው ነው፤ ድኝ ያለበትን ፕሮቲን ሁሉ እየያዘ የባክቴሪያውን ከሰው ለይቶ አያውቅም፤ ደም ውስጥ ሲገባ ደግሞ በአፍታ ይበተናል፤ ሳንባ ውስጥ ወዳለው ባክቴሪያ የሚደርስ አይኖርም። ሽንኩርቱን በወጥ ውስጥ ይብላው፤ ክኒኑን ግን በየቀኑ፣ ሳይታጎል፣ ሐኪሙ እስካዘዘለት ቀን ድረስ ይውሰድ።

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ከአገራችን የመድኃኒት ተክሎች የታወቁ ውሁዶችን በኮምፒውተር ከኢንኤችኤ ጋር የማጋጠም ሥራ፣ ማለትም ዶኪንግ፣ ሠርቻለሁ። ሦስቱ ከአይሶናያዚድ የላቀ ነጥብ አግኝተዋል። በጽሑፌ ላይ ‹ለቲቢ መድኃኒት የሚሆኑ ውሁዶች ተገኙ› ብዬ ብጽፍ ስህተት ይሆናል? ቀጥሎስ ምን ልሥራ?» (ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ «ተገኙ» ብለው አይጻፉ። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ የምገልጸው፣ እንዲህ ያለ ሥራ በአሁኑ ጊዜ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እየተሠራ ስለሆነና አብዛኛው በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ ስለሚሰናከል ነው።

ከማወዳደሪያው እንጀምር። ለሲስተር በሰጠነው መልስ እንደተገለጸው ኢንኤችኤን የሚያግደው አይሶናያዚድ ራሱ ሳይሆን ከረዳት ሞለኪውሉ ጋር የተጣመረው ነው። እርስዎ ያወዳደሩት ግን ጥሬውን አይሶናያዚድ ይመስለኛል። እርሱ ከደርዘን ጥቂት ከፍ ያሉ አቶሞች ያሉት ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ የዶኪንግ ነጥብ ደግሞ ሞለኪውሉ በተለቀ ቁጥር የመጨመር ዝንባሌ አለው። ከተክል የሚገኝ ማንኛውም ፍላቮኖይድ ከአይሶናያዚድ መብለጡ ስለዚህ የሚጠበቅ ነው፤ ስለ መድኃኒትነቱ የሚናገረው ነገር የለም። ማወዳደሪያዎ ጥምሩ ወይም ከታወቁት ቀጥተኛ አጋጆች አንዱ ይሁን።

ቀጥሎ የተጠቀሙበትን የኢንዛይም ቅርጽ ይመልከቱ። ከሕዝብ የፕሮቲን ቅርጽ ማኅደር የወረደው ኢንኤችኤ ረዳት ሞለኪውሉን ይዞ ነው ወይስ እርስዎ ሰርዘውታል? ብዙዎቹ ቀጥተኛ አጋጆች የሚቀመጡት ረዳት ሞለኪውሉ ባለበት፣ ከጎኑ ተጠግተው ነው፤ እርሱን ካጠፉት የሌለ ባዶ ቦታ ለውሁዶችዎ ይከፈትላቸዋል። በኤክስሬይ ጥናት ኢንዛይሙ ውስጥ ተቀምጦ የታየውን አጋጅ አውጥተው መልሰው ሲያጋጥሙት ፕሮግራሙ ወደ ነበረበት ቦታ የማይመልሰው ከሆነም፣ የቀሩትን ነጥቦች ማመን አይቻልም። እንደማይሠሩ የሚታወቁ ውሁዶችንም ጨምረው ይሞክሩ፤ እነርሱም ከፍተኛ ነጥብ ካገኙ ፕሮግራሙ በጎውን ከክፉው እየለየ አይደለም።

ከኮምፒውተሩ ወጥተው ኢንዛይሙን በእጅ ሲፈትኑት ሥራው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ኤንኤዲኤች የሞገድ ርዝመቱ 340 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ይመጥጣል፤ ሃይድሮጂኑን ሲሰጥ ግን መምጠጡን ያቆማል። ስለዚህ ኢንዛይሙ፣ ኤንኤዲኤቹና የሚሠራበት የስብ ሰንሰለት በሙከራ ሳህን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲገናኙ በመሣሪያው ላይ የሚታየው መስመር ቁልቁል ይወርዳል፤ አጋጁ ከሠራ መስመሩ ባለበት ይቀራል። የውሁዱን መጠን ደረጃ በደረጃ እያሳነሱ፣ ፍጥነቱን በግማሽ የሚቀንሰው መጠን ስንት እንደሆነ ይለካል። እዚህ ላይ የተክል ውሁዶች የታወቀ ተንኮል አላቸው። እንደ ኩዌርሴቲን፣ ኩርኩሚንና ታኒን ያሉት በውኃ ውስጥ እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ ጥቃቅን ጓል ይሠሩና ያገኙትን ኢንዛይም ሁሉ በላያቸው ለጥፈው ያቆሙታል፤ ይህ ማገድ ይመስላል እንጂ አይደለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ 0.01 በመቶ ያህል ትራይተን የተባለውን የቤተ ሙከራ ሳሙና ጨምረው ይድገሙት። ሳሙናው ጓሉን ይበትነዋል፤ የማገዱ ኃይል አብሮ ከጠፋ ውሁዱን ይተዉት። በርካታ «ተስፋ ሰጪ» የሚባሉ ውጤቶች በዚህች አንዲት ጠብታ ሳሙና እንደሚጠፉ እገምታለሁ፤ ይሁንና ይህን ፈተና ሳያልፉ የሚታተሙ ጽሑፎች ዛሬም ጥቂት አይደሉም።

ይህንን ካለፉ በኋላ ሕያው ባክቴሪያ ላይ መሞከር ይመጣል። የቲቢ ባክቴሪያ ለመከፈል 20 ሰዓት ገደማ የሚወስድ በመሆኑ፣ በ20 ደቂቃ ከሚከፈለው ኢ.ኮላይ ጋር የለመደ ሰው ትዕግሥቱ ይፈተናል። 96 ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ባክቴሪያውና በየደረጃው የቀጠነው ውሁድ ለሳምንት ያህል አብረው ይቆያሉ፤ ከዚያ ሬሳዙሪን የተባለው ሰማያዊ ቀለም ይጨመራል። ባክቴሪያው በሕይወት ካለ ቀለሙ በማግስቱ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ካልኖረ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ሰማያዊ ሆኖ የቀረው የመጨረሻው ጉድጓድ የሚፈልጉት ቁጥር ነው። ትክክለኛው ባክቴሪያ አየሩ በማጣሪያ በሚወጣበት የሦስተኛ ደረጃ የደኅንነት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ ስለሚያዝ፣ ተማሪዎች በአብዛኛው በፍጥነት በሚያድገውና በማይጎዳው ማይኮባክቴሪየም ስሜግማቲስ ወይም የመጉዳት ኃይሉ በጠፋው ኤች37አርኤ በተባለው ዝርያ ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባክቴሪያውን የሚያሳድጉ ቤተ ሙከራዎች አሏቸው፤ ዩኒቨርሲቲዎ በትብብር ደብዳቤ ቢጠይቅ ከኮምፒውተሩ ወዲያ ያለው መንገድ ይከፈታል።

አሁን ደግሞ ውሁዱ ባክቴሪያውን ገደለ እንበል። የገደለው ግን ኢንኤችኤን አግዶ ነው? ኢንኤችኤን ከመጠን በላይ እንዲያመርት የተደረገ ባክቴሪያ ላይ ሲሞከር ብዙ ውሁድ የሚጠይቅ ከሆነ ምልክቱ ጥሩ ነው። ከዚያም በላይ የሚያሳምነው፣ ውሁዱን የሚቋቋሙ ጥቂት ባክቴሪያዎችን ለይቶ ዘረመላቸውን በማንበብ ለውጡ እዚያው ጂን ላይ መሆኑን ማየት ነው። በተጓዳኝም ውሁዱ የሰው ጉበት ሕዋሳትን የሚገድለው በስንት መጠን እንደሆነ መለካት አለበት፤ ባክቴሪያውን ከሚገድለው ቢያንስ አሥር እጥፍ ካልራቀ ብዙ አያስኬድም።

ኢንዛይምን አስቀድሞ መርጦ አጋጅ የመፈለግ ስልት ምን ያህል እንደሚያለፋ ለመረዳት፣ ግላክሶስሚዝክላይን ከ1995 እስከ 2001 የሠራውን መመልከት ይበቃል። ኩባንያው ለተለመዱ ባክቴሪያዎች አዲስ መድኃኒት ፍለጋ 70 የሚያህሉ ትልልቅ ዘመቻዎችን አካሂዶ፣ አብዛኞቹም በተናጠል ኢንዛይሞችና ፕሮቲኖች ላይ ሆነው፣ ሊቀጥሉ የሚችሉ መነሻዎችን ያገኘው በ5ቱ ብቻ ነበር። ችግሩ ኢንዛይሙን የሚያግድ ማግኘት ብቻ አልነበረም፤ ከተገኙትም ብዙዎቹ ባክቴሪያው ውስጥ አልገባ አሉት። በአንጻሩ ባክቴሪያውን ቀድሞ መግደልም ብቻውን ዋስትና አይደለም። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት በሳህን ላይ ቲቢን በብርቱ የሚገድሉ ውሁዶች በአይጥ ላይ ለምን እንደከሸፉ ሲመረምር፣ ምክንያቱ ባክቴሪያው በቤተ ሙከራ የሚመገበው ግሊሰሮል ሆኖ ተገኘ፤ ውሁዶቹ የሚገድሉት ግሊሰሮል ሲኖር ብቻ ነበር፤ በአይጥ ሳንባ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያው በግሊሰሮል አይኖርም። እኔ ብጠየቅ፣ ሕያው ባክቴሪያን የሚገድል ነገር ይዞ ኢንዛይሙን ወደ ኋላ መፈለግን እመርጣለሁ፤ ለዚህም የሚቀጥለው መልስ ማስረጃ ይሆናል።

ለጽሑፍዎ የምመክረው ርዕስ «ኢንኤችኤን ሊያግዱ እንደሚችሉ በኮምፒውተር የተገመቱና በሙከራ ሊረጋገጡ የሚገባቸው ሦስት ውሁዶች» የሚል ነው። ማማለሉ ያነሰ ቢሆንም ፈታኝ ሲጠይቅዎት የሚያፍሩበት ቃል የለውም።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞት ቤዳኩሊን ከሌሎች ክኒኖች ጋር እየወሰደ ነው። ይህም ኢንዛይም የሚያግድ ነው? ከእርሱ ቀጥሎ በቅርብ የሚመጣ ነገር አለ? በሕክምናው ወቅትስ ልንጠነቀቅበት የሚገባን ምንድን ነው?» (ከአዳማ)

መልስ፦ አዎን፣ ቤዳኩሊን ኢንዛይም አጋጅ ነው። የሚያግደው ባክቴሪያው የሚሠራበትን ጉልበት፣ ማለትም ኤቲፒን፣ የሚያመርተውን ኤቲፒ ሲንቴዝ ነው። የሰውም ሕዋስ ተመሳሳይ ኢንዛይም አለው፤ ነገር ግን ቤዳኩሊን የባክቴሪያውን የሚያግደው እጅግ ባነሰ መጠን በመሆኑ የሚሰጠው መጠን የእኛን አያቆምም። ጉልበት ስለሚነሳው፣ በማደግ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ተኝቶ የሚጠብቀውን ባክቴሪያም ይገድላል፤ አይሶናያዚድ ይህ ችሎታው ደካማ ነው።

የተገኘበት መንገድ ከላይ ላልኩት ማስረጃ ነው። በቤልጂጉ ተመራማሪ በኩን አንድሪስ የተመራው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ቡድን ኢንዛይም መርጦ አልተነሣም፤ ብዙ ውሁዶችን በሕያው ማይኮባክቴሪየም ስሜግማቲስ ላይ ሞክሮ የሚገድለውን ለየ፤ ከዚያም መድኃኒቱን የተቋቋሙትን ባክቴሪያዎች ዘረመል አንብቦ ለውጡ በኤቲፒ ሲንቴዝ ጂን ላይ መሆኑን አገኘ። ይህ በ2005 ታተመ፤ በ2012 መጨረሻ ላይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቀደው። አዲስ በሆነ መንገድ የሚሠራ የቲቢ መድኃኒት ሲፈቀድ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ኢትዮጵያም ቤዳኩሊን ያለበትን አጭር ሕክምና ከፈተሹት አገሮች አንዷ ናት፤ ስትሪም በተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ሁለተኛ ምዕራፍ ታካሚዎቿ ተሳትፈዋል። ቀድሞ እስከ ሁለት ዓመት ይፈጅ የነበረውንና የወራት መርፌ የነበረበትን ሕክምና፣ ለብዙዎቹ ሕሙማን ቤዳኩሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን በአንድነት በአፍ በሚወሰዱበት የ6 ወር ሕክምና እንዲተካ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መክሯል።

ከእርሱ ቀጥለው ከሚመጡት መካከል እኔ በጉጉት የምከታተለው ዲፒአርኢ-1 የተባለውን ኢንዛይም የሚያግዱትን ነው። ይህ ኢንዛይም የባክቴሪያው ግድግዳ የሚያስፈልገውን አራቢኖዝ የተባለ ስኳር ለማዘጋጀት የግድ ነው፤ ለዚህም ባክቴሪያው ሌላ ምትክ የለውም። በ2009 ቤንዞቲያዚኖን በተባሉ ውሁዶች ምክንያት ታወቀ፤ እዚህም ቀድሞ የተገኘው ገዳዩ ውሁድ ነበር፤ ኢንዛይሙ ተከትሎ ተለየ። አሠራሩም ይደንቃል፤ ኢንዛይሙ ውሁዱን ራሱ ይለውጠዋል፤ የተለወጠውም ውሁድ ከኢንዛይሙ 387ኛ አሚኖ አሲድ ጋር ላይላቀቅ ይተሳሰራል። ቢቲዜድ-043 ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ በሌላ መንገድ ያንኑ ኢንዛይም የሚያግደው ኳቦዴፒስታትም አለ፤ ሁለቱም በሰው ላይ ሁለተኛው የሙከራ ምዕራፍ ደርሰዋል። ከዚህ ሌላ ቦሮን ያለበት ጋንፌቦሮል ባክቴሪያው ፕሮቲን ሲሠራ ሉሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚያቀብለውን ኢንዛይም ያግዳል፤ በደቡብ አፍሪካ በታካሚዎች ላይ ለ14 ቀናት ተሞክሮ በአክታ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ መቀነሱ በ2024 ተገልጿል። እነዚህ ሁሉ ወንድምዎ አሁን ለሚወስደው ሕክምና አይደርሱም፤ በእጁ ያለውን መጨረስ ነው ያለበት። ባክቴሪያው ቤዳኩሊንንም መላመድ ጀምሯል፤ የሚላመደውም አብዛኛውን ጊዜ ኢንዛይሙን በመለወጥ ሳይሆን መድኃኒቱን ወደ ውጭ የሚተፋበትን ፓምፕ በማብዛት ነው። ቤዳኩሊን ደግሞ ከሰውነት የሚወጣው በወራት ውስጥ በመሆኑ፣ ታካሚው ክኒኖቹን ሁሉ በድንገት ቢያቆም ሌሎቹ ቶሎ ጠፍተው እርሱ ብቻውን በአነስተኛ መጠን ይቀራል፤ ባክቴሪያውም እንዲላመድ የሚያመቸው ይኸው ነው።

ስለ ጥንቃቄው፣ ቤዳኩሊን የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያዘገይ ስለሚችል ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) የሚነሣበት ቀጠሮ አይለፈው፤ ድንገት ራሱን ከሳተ ወይም ልቡ በኃይል ከመታ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ለወባም ሆነ ለሌላ ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ክኒን ሁሉ አስቀድሞ ለሚያክመው ሐኪም ያሳይ፤ አንዳንዶቹ ይህንኑ የልብ ችግር ያባብሳሉና። ከሚወስዳቸው መካከል ሊኔዞሊድ ካለ ደም ማነስ፣ የእግር ጣት መደንዘዝ ወይም ማቃጠልና የዓይን መደብዘዝ ሊያስከትል ይችላል። መደንዘዙ እንደጀመረ መጠኑ ከተስተካከለ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሲቆይ ግን ቋሚ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ይንገር።